የኅዳር ሰሌዳዎች

ልጄ ፈይሰል፣ ጅማ ጊንጆ ሰፈር ካለው ግቢያችን ጥግ ሁለት ክፍል ልጨምር ብሎ በአይሱዙ የተጫነ ተገጣጣሚ ግድግዳ ያስወረደ ዕለት፣ ከቤት ወጥቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ሰላም ማለት አልነበረም፤ ማንኳኳት ነበር። በጣቴ አንኳኳሁ፣ ቀጥዬ በምርኩዜ፣ ከዚያ ጆሮዬን አስጠግቼ እንደገና። ሻጩ ጸጉሩን በአንድ በኩል የተላጨ፣ ሁለት ስልክ የያዘ ጎረምሳ ነው። «አባባ አያስቡ፣ ሃምሳ ዓመት ዋስትና አለው» አለኝ። «አንተስ አለህ?» አልኩት። «ምን አሉኝ?» «ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ሲሰነጠቅ የት ነው የማገኝህ?» ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ፈይሰል ክንዴን ይዞ «አባ፣ ሰው ያስቀይማሉ እኮ» እያለ ወደ በረንዳው መለሰኝ። እውነቱን ነው፣ አስቀይማለሁ። ሰርግ ተጠርቼ የአዳራሹን ምሰሶ የማንኳኳ ሰው ነኝ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ እንኳ ዓይኔ ጣሪያው ላይ ስንጥቅ ይፈልጋል። ሚስቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ «ሸምሱ ጀነት ቢደርስ በሩን ያንኳኳል፤ ለመግባት ግን አይደለም፣ ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ነው» እያለች ጎረቤት ታስቅብኝ ነበር።

በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሳጉረመርም፣ ሠራተኞቹ ለግድግዳው እግር የሚሆን ሲሚንቶ ማቡካት ጀመሩ። ደረቅ አፈር ላይ የፈሰሰ የሲሚንቶ ውሃ ሽታ ታውቁታላችሁ አይደል? እንደ ዝናብ ይጀምርና መጨረሻው እንደ አመድ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ስንት ዓመት ወደኋላ እንደወሰደኝ እኔም አልቆጠርኩት። ወደ ደርግ ዘመን፣ ከአጋሮ ወዲያ ወዳለች አንዲት ትንሽ የቡና ከተማ፣ ወደ ነዚፍ ወሰደኝ። ስለ ነዚፍ ለልጆቼ አውርቼ አላውቅም። እነሱ የሚያውቁት በዒድ የሚመጣውን፣ ከረሜላ የማይረሳውን ሽማግሌ ነው።

ነዚፍና እኔ ጅማ ሄርማታ ገበያው ጀርባ በአንድ ግቢ ያደግን ነን። በአንድ ጌታ እጅ ሥራ ለመድን፤ እኔ አናጢነቱን፣ እሱ ግንበኝነቱን። እሱ ግን ከድንጋይ ይልቅ ቡኮ ላይ ነበር እጁ። አሸዋውንና ጠጠሩን አዟዙሮ፣ ሲሚንቶውን ጨምሮ፣ ውሃ ጠብ ሲያደርግበት የአካፋውን ድምፅ ሰምቶ «በቃው» ይላል። ዓይኑን ጨፍኖ። ደግሞ ዝነጣውን ብታዩት! ያኔ ሁላችንም ካኪ ለብሰን ካኪ የምንመስልበት ጊዜ ነበር፤ እሱ ግን ኮሌታው ትከሻው ድረስ የሚደርስ አበባ ሸሚዝ ነበረው፤ ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ ይለብሰዋል። እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ይለሰልስና እግራችንን እያንሸራተተ መንገድ ላይ ያስቀረናል። ሻይ ስሙኒ ነበር፣ ፓስቲ ከሱ ያነሰ። ግን የትኛው ሻይ? ስኳር በቀበሌ ሱቅ፣ በኩፖን፣ በሰልፍ ነው፤ ሰልፉ ላይ የምታድረውም የምትውለውም ቅርጫት ነች፣ ሰውማ ቅርጫቱን አስቀምጦ ሥራው ይሄዳል። ስኳሩ ሲያልቅ ሻያችንን በጨው እንጠጣ ነበር። ራዲዮው ማርሽ ሲሰለቸው በመሀል የፍቅር ዘፈን ጣል ያደርግልናል፤ ያን ጊዜ ሻይ ቤቱ በሙሉ ዝም ይላል። ዛሬ ልጆቹ በጆሯቸው ሰክተው ብቻቸውን ያዳምጣሉ። ያኔ ብቻውን የሚያዳምጥ ሰው ካለ ጆሮ ጠቢ ነው ተብሎ ይፈራ ነበር።

በዚያን ጊዜ ነው በየቡና ከተማው ትምህርት ቤት በተገጣጣሚ ይሠራ የሚል መመሪያ መጣ የተባለው። ግድግዳው መሬት ላይ ይጋገራል፣ ሲደርቅ ይነሳል፣ ይቆማል፣ ይታሰራል፤ በሦስት ወር ትምህርት ቤት ይሆናል። እኛ ሰሌዳ ነበር የምንለው። ኢንጂነሩ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ልጅ እግር ነው፤ ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ቀጥ ያለ ነው። እኔ ከጣውላና ከላሜራ የሰሌዳውን ቅርጽ እሠራለሁ፣ ፌሮ ይዘረጋበታል፣ ነዚፍ ከሰዎቹ ጋር ቡኮውን ይሞላበታል። አንድ የቆየ ክሬን ተሰጥቶናል፤ ናፍጣ ሲጠፋ፣ የሚጠፋው ደግሞ ሁልጊዜ ነው፣ ሰሌዳውን በገመድና በትከሻ ነው የምናነሳው። ቦታው ከከተማዋ ዝቅ ብሎ ወንዝ ዳር ያለ ሜዳ ነው። ውሃ ቅርብ ነው ብለው ነው የመረጡት። ከሜዳው ከፍ ብሎ ወንዙ ላይ የቡና ማጠቢያ አለ፤ እኛ በሰኔ ስንገባ ግን ዝግ ነበር፣ በሩ ላይ ፍየል ይተኛበታል። ማንም ልብ አላለውም።

የክረምቱን ሰሌዳ ብታዩት! ወላሂ፣ በመዶሻ ስትነካው እንደ ደወል ይጮሃል። ነዚፍ ከእያንዳንዱ ጎን ተንበርክኮ ያዳምጠዋል፣ ይስማል ማለት ይቀለኛል። በዚያው ክረምት የከተማዋን ልጅ ራህመትን አገባ። አባቷ ቤት አጠገብ ጭቃ ቤት ቀለሱ። ራህመት ቀጭን፣ ዓይኗ የማይሰበር ሴት ነች፤ ምሳ ይዛልን ትመጣና «ወንድም ሸምሱ፣ ዛሬም ግድግዳ ሲያንኳኩ ዋሉ?» እያለች ትቀልድብኛለች። እኔ እንግዲህ ያኔም ተጠራጣሪ ነበርኩ። ዘመኑም ያስጠረጥር ነበር። ሁለት ሰው ሲያወራ ሦስተኛው ሲመጣ ወሬው ወደ ዝናብ ይዞራል። ከአጎትህ ጋር ስትበላ እንኳ የጎረስከውን ሳትውጥ አትናገርም።

ጥቅምት አለቀ፣ ኅዳር ገባ፣ ነገር ተበላሸ። በኅዳር የሞላናቸው ሰሌዳዎች አልደርቅ አሉ። በሦስተኛው ቀን ቅርጹን ስፈታ ጠርዙ ከጣውላው ጋር ተላቆ መጣ። መልኩ ግራጫ መሆን ሲገባው ጠቆር ያለ ነው። በጥፍሬ ጫርኩት፤ ተጫረ። አርማታ በጥፍር ሲጫር አይቼ አላውቅም ነበር። ሳምንት ጠበቅን፤ ፀሐዩ ላዩን አደረቀው እንጂ ልቡ ዱቄት ነው፤ በመዶሻ ስነካው ዱብ ይላል፣ እንደ ባዶ ቅል። አንዱን እንደምንም ብለን በገመድ ስናነሳው ወገቡ ላይ ተቆርጦ ወደቀ፤ ሥሩ የነበሩት ሁለት ሰዎች ለጥቂት ነው የተረፉት። አቧራው ሲወርድ ሁሉም ሌላውን ያየዋል። ኢንጂነሩ ፊቱ ወረቀት መስሎ «ሲሚንቶው የት ሄደ?» አለ።

ያቺ ጥያቄ ናት ያመሰችን። ሲሚንቶ ያን ጊዜ የትም የማይገኝ ነገር ነው፤ አንዲት ከረጢት በጓሮ ከወጣች የሚቀበላት መቶ ሰው አለ። መጋዘኑ ተፈተሸ፣ ደህና ነው። እንግዲህ ጠፋ ከተባለ የጠፋው ከመጋዘኑ ወጥቶ ቡኮው ውስጥ ሳይገባ ነው። በመሀል ያለው ደግሞ ነዚፍ ነው። ይህን ማንም ጮክ ብሎ አላለውም፤ ሁሉም ግን አስቦታል። ከዚያ በኋላ ምሳ አብረን መብላት ቀረ። ዘበኛው ብረት አሳሪውን ፌራዮ ይጠረጥራል፣ ፌራዮው የክሬኑን ሹፌር። የሸክሙን ሴቶች ነጠላ ያስፈትሹ ጀመር፣ አስተግፊሩላህ! እኔ ደግሞ ነዚፍን ማየት ጀመርኩ። ልየው ብዬ አይደለም፤ ዓይኔ እንቢ አለኝ። ሲሚንቶውን በመስፈሪያው ሳጥን ሲሰፍር አያለሁ። ሙሉ ነው። «ስለማየው ነው የሚሞላው» እላለሁ። ዘወር ብዬ በአጥር ቀዳዳ አያለሁ። አሁንም ሙሉ ነው። «አውቆብኛል» እላለሁ። የጠርጣሪ ነገር እንዲህ ነው፤ ያላየውንም ያስቆጥራል።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤቱ ጠራኝ። ጫማዬን አውልቄ ስገባ እግሬ በረደው። ወደ ታች ሳይ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። በዚያች ከተማ የሀብታሙ የቡና ነጋዴ ቤት እንኳ በእበት ነበር የሚለቀለቀው። ክው አልኩ። ነዚፍ ፈገግ ብሎ «እንዴት ነው? ራህመት ቁንጫ ጠላች» አለኝ። «ማሻአላህ» አልኩ። ከየት አመጣኸው ብዬ ብጠይቀው ምን ነበረበት? ጓደኛዬ አይደለም? አልጠየቅሁም። ሻዩን ጠጣሁ፣ ቂጣውን በላሁ፣ ዓይኔ ግን ወለሉ ላይ ተተክሎ ቀረ። 

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራን። ካድሬው ከአውራጃ መጥቷል። ሠራተኛው በሙሉ ሜዳው ላይ፣ በተሰበረው ሰሌዳ ዙሪያ እንድንቆም ተደረገ። «ይህ አሻጥር ነው» አለ። አሻጥር የምትለዋን ቃል የዛሬ ልጅ ሲሰማት የመዝገበ ቃላት ቃል ትመስለዋለች። ያኔ ያቺ ቃል የተለጠፈችበት ሰው ይወሰዳል፤ ሲመለስ ያየነው ግን ጥቂት ነው። «የሚያውቅ ይናገር። የሚያውቅ ሆኖ ያልተናገረ እሱም አሻጥረኛ ነው» አለ።  ካድሬው በተራ ዓይን ዓይናችንን ማየት ጀመረ። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። አላህ ምላሴን ይዞ ቢያስቀርልኝ ምናለ! «የነዚፍ ቤት ወለል ሲሚንቶ ነው» አልኩ። ይኸው ነው ያልኩት። አንዲት ዓረፍተ ነገር። ሰረቀ አላልኩም እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን እንዳታለልኩ አላህ ነው የሚያውቀው። ነዚፍ ዞር ብሎ አየኝ። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። የአካፋውን ድምፅ ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ነው ያየኝ፤ የሰማውን ያልሰማ ይመስል። በዚያው ሰዓት በላንድሮቨር ጭነውት ሄዱ።

በማግስቱ ራህመት ወደ ሥራው ቦታ መጣች። እስከዚያ ቀን ወንድም ሸምሱ፣ አንቱ ነበርኩ። ያን ቀን «ሸምሱ፣ መዶሻህን ይዘህ ና» አለችኝ። አላለቀሰችም፣ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ሰው ሁሉ እያየኝ ከኋላዋ ሄድኩ። ቤቷ ገብታ ወለሉን አሳየችኝና «ምታው» አለች። መታሁት። ጮኸ፣ እንደ ክረምቱ ሰሌዳ። «ደግመህ ምታው።» ደግሜ መታሁ፤ መዶሻው ነጥሮ ተመለሰ። «እንግዲህ ሲሚንቶውን ሙሉ አድርጎበታላ» አልኩ፤ ያን ሁሉ አድርጌም አላፈርኩም። ራህመት ሳቀች፣ ክፉ ሳቅ። «ሙሉ? ይሄ እኮ ባዶ ከረጢት እያራገፍን፣ ጥራጊውን በወንፊት እየነፋን የሠራነው ነው። ኢንጂነሩን አስፈቅዶ። ሄደህ ጠይቀው። አንድ ጣሳ ሲሚንቶ፣ ስምንት ጣሳ አሸዋ። የእናንተው ሜዳ ላይ ያለው ሙሉ ሳጥን የገባበት ዱቄት ሆነ፤ የእኔ ጥራጊ ለምን ድንጋይ ሆነ?»  «እኔ ልንገርህ» አለች። «ይሄን ያቦካሁት እኔ ከላይ ከምንጩ በጀርባዬ ባመጣሁት ውሃ ነው። እናንተ የምታቦኩት በወንዙ ነው። ቢሻን መቻኤ! ከጥቅምት ጀምሮ ስነግረው ነበር። ውሃው ሰክሯል አልኩት። ሳቀብኝ። አንተም ነበርክ፣ አንተም ሳቅህ።»

እውነትም ነበርኩ። ምሳ ላይ ነው፤ «ቢሻን መቻኤ» ስትል እኔ «ታዲያ ውሃው ከሰከረ ማን ነው ቤቱ የሚያደርሰው?» ብዬ ቀልጄ ሁላችንም ስቀን ነበር። እኛ የጅማ ሰዎች ውሃ ከቧንቧ የምንቀዳ፣ የወንዝ ጠባይ የት እናውቃለን! የዚያች ከተማ ሴቶች ግን ያውቁታል። በጥቅምት መጨረሻ እሸት ቡናው ሲደርስ ማጠቢያው ይከፈታል። ቀዩ ቡና ይፈለፈላል፣ ልጋጉ ይታጠባል፣ እጣቢው ወንዝ ይለቀቃል። ወንዙ ይወፍራል፣ ይኮመጥጣል፣ አረፋ ያወጣል፣ ንብ ይሰፍርበታል። ላም የጠጣችው ትነፋለች። ልብስ ቢያጥቡበት ይዝለገለጋል። ስለዚህ እስከ ጥር ድረስ ሰክሯል ይሉና ወደ ምንጩ ይወጣሉ። በጀሪካን የምትቀዳ ሴት የምታውቀውን እኛ በሞተር የምንስብ ወንዶች አላወቅነውም። እጃችን ሲጣበቅ እንኳ የሲሚንቶው ነው ብለን ነበር።

መዶሻዬን አስቀመጥኩ። ግን እኔ ነኝና እንኳን በእሷ፣ በራሴም አላመንኩም። ሁለት የሰርዲን ቆርቆሮ አመጣሁ። በአንድ ስፍር ሲሚንቶና አሸዋ ሞላሁ፣ አንዱን በምንጩ ውሃ፣ አንዱን በወንዙ አቦካሁ። ራህመት አጠገቤ ተቀምጣ እጆቼን ታያለች። «ለምን ታይኛለሽ?» አልኳት። «አንተን ለምን አላይህም?» አለች። ሦስት ቀን ቆርቆሮዎቹን አልጋዬ ሥር አስቀመጥኳቸው፤ ሰው እንዳይነካቸው በሩን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። በአራተኛው ቀን የምንጩን ሳንኳኳው ጥፍሬ አመመኝ። የወንዙ ላይ አውራ ጣቴን ስጫነው ገባ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ያች ጣቴ የገባችበት ጉድጓድ ናት። ነዚፍን በዚህ ነው የሸጥኩት?

ቆርቆሮዎቹን ለኢንጂነሩ ወሰድኩለት። ጣቱን ጫነበት፣ አሸተተው፣ በምላሱ ጫፍ ቀመሰውና ዓይኑን ጨፈነ። «ስኳር» አለ። «የቡናው ልጋግ ስኳር ነው። ስኳር የገባበት ሲሚንቶ አይይዝም። ተምሬዋለሁ እኮ! ፈተና ላይ መጥቶልኛል!» እኛ ስኳር አጥተን በጨው ሻይ ስንጠጣ፣ ግድግዳው ስኳሩን ሲጠጣ ኖሯል። ኢንጂነሩ ግን ወዲያው በሩን ዘጋና «ሸምሱ፣ ውሃውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ይሄ ከወጣ በነዚፍ ቦታ እኔ ነኝ የምገባው» አለ። ልጅ ነው፤ ለወለሉ ፈቃድ መስጠቱን ስብሰባው ላይ ያልተናገረውም በዚሁ ፍርሃት ነው። አዘንኩለት። አላመንኩትም ግን፤ ቆርቆሮዎቹን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁና በነጠላ ቋጥሬ ያን ዕለት በቡና ጭነት መኪና ላይ ወጥቼ አውራጃ ሄድኩ።

የአውራጃው ኃላፊ ሁለቱን ቆርቆሮዎች አየ፣ እኔን አየ። «ባለፈው ሳምንት ሰውየውን ያጋለጥከው አንተ አይደለህም?» «ነኝ።» «ዛሬ የምታድነውም አንተ ነህ?» «ነኝ።» «ስንት ሰጡህ?» ወላሂ ጌታዬ ምንም፣ ብዬ ማልኩ። «የትኛውን ነው ያበላሸኸው?» አለ ቆርቆሮዎቹን እያገላበጠ። ተመልከቱ እንግዲህ! እኔ ነዚፍን ባየሁበት ዓይን ሰውየው እኔን ያየኛል፤ ምን ብል የሚታመን ነገር የለኝም። «በራስዎ እጅ ያቡኩት» አልኩት። ወታደር ልኮ ሁለቱንም ውሃ አስመጣ። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ እሱ ራሱ እጅጌውን ሰብስቦ አቦካ። ሦስት ቀን ከግቢው እንዳልወጣ ተደረግሁ። በአራተኛው ቀን አውራ ጣቱን ጫነ፤ ገባ። ጣቱን በሸሚዜ ላይ ጠረገና «ሂድ» አለኝ።

ነዚፍ ግን በዚያው ቀን አልወጣም። ወረቀቱ ወደ ላይ ሄዷል ተባለ። ወረቀት ሲወጣ በላንድሮቨር ነው፣ ሲወርድ በእግሩ። አሻጥር የሚለው ቀረለት፣ ከዚያ የባሰውም ቀረለት፤ እሱ ግን ሁለት ክረምት ወህኒ ከረመ። ኢንጂነሩን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት። ማጠቢያው የውጭ ምንዛሪ ነውና ማንም አልነካውም። እኛ ከምንጩ በበርሜል እያመላለስን አዲስ ሰሌዳ ሞላን፤ የኅዳሮቹን በመዶሻ ሰባብረን መንገድ ላይ ጉድጓድ ደፈንባቸው። ራህመት በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ ትሄድ ነበር። ከእኔ ግን ምንም አትቀበልም፤ ምግቡን በሰው እጅ ስልክላት እንኳ የማን እንደሆነ ጠይቃ ትመልሰው ነበር። ትምህርት ቤቱ ቆሟል፤ እስከ ዛሬ ልጆች ይማሩበታል። አምና ሄጄ አንኳኩቼዋለሁ። የጥበቃው ሰው እብድ መስዬው አባረረኝ።

ነዚፍ ሲወጣ አውቶቡስ መናኸሪያ ጠበቅሁት። ጸጉሩ ተላጭቷል፣ ሸሚዙ ሰፍቶታል። ሮጬ ላቅፈው አስቤ ቆሜ ቀረሁ። እሱ ነው የመጣው። «አሰላሙ አለይኩም ሸምሱ» አለ። «ወአለይኩም ሰላም» አልኩ። በቃ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ የምትለዋን ቃል ሳልላት ቀረሁ። ነገ እላለሁ አልኩ። ነገ ሲሆን ሰው አለ፣ ከነገ ወዲያ ዒድ ነው፣ ከዚያ ልጅ ተወለደ፣ ከዚያ መንግሥት ተቀየረ። ሁለታችንም ወደ ጅማ ተመለስን፤ እሱ አወቱ መንደራ ሰፈር ቤት ሠራ፣ እኔ ጊንጆ። ይጠይቀኛል፣ እጠይቀዋለሁ። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

በአፉ አላነሳም። መጀመሪያ ቤቴ የመጣ ቀን ግን፣ በልቶ ጠጥቶ ሊሄድ ሲነሳ፣ በሩ ላይ ቆመና ሁለቱንም የሱሪውን ኪሶች ወደ ውጭ ገለበጣቸው። አራገፋቸው። መለሳቸው። «ደህና ዋሉ» ብሎ ወጣ። ሚስቴ ፊቷ ዓመድ መሰለ። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። እኔ ግን ገባኝ፤ ሌባ ብለኸኝ ነበር፣ ይኸው ከቤትህ ምንም አልወሰድኩም ማለቱ ነው። በሚቀጥለውም መጣ፣ በሩ ላይ ቆመ፣ ገለበጠ። በየዒዱ፣ በየሰርጉ፣ በየለቅሶው። ልጆቼ ካደጉ በኋላ እንኳ ሲነሳ «ኪሱን ሊገለብጥ ነው» ብለው ይጠቃቀሱ ነበር። መጀመሪያ አፈርኩ። ቆየሁና ቆሽቴ አረረ። «ይሄ ሰውዬ እስክንሞት ሊበቀለኝ ነው እንዴ?» እያልኩ ሊሄድ ሲነሳ ውሃ ልጠጣ ብዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ። አንዳንድ ዒድ ሆን ብዬ አልጠራሁትም፤ ሳልጠራውም ከረሜላውን ይዞ ይመጣል። ሚስቴ የሞተች ጊዜ ሦስት ቀን አብሮኝ ተኝቶ፣ በአራተኛው ቀን ሲሄድ እዚያው ለቅሶተኛ መሀል ገለበጣቸው። ያን ቀን ጠላሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ጠላሁት።

የፈይሰል ግድግዳ የወረደ ዕለት፣ ያ ሽታ አላስቀምጠኝ ብሎ ባጃጅ ይዤ አወቱ መንደራ ሄድኩ። ዛሬ ያቺን የአውፍ ቃል ሳልላት አልመለስም ብዬ ነው። ነዚፍ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ ራህመት ጎኑ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ስለ ጉልበታችን አወራን፣ ስለ ስኳር በሽታው፣ ስለ ልጆቹ። ያቺ ቃል አሁንም አልወጣ አለች። ተሸንፌ ልሄድ ተነሳሁ። «ልሸኝህ» ብሎ እሱም ተነሳ። የራሱ ግቢ በር ጋ ስንደርስ ቆመና ሁለቱን ኪሶቹን ወደ ውጭ ገለበጣቸው።

ፈነዳሁ። «እስከ መቼ ነው ነዚፍ? አሁንስ በራስህ ቤት? አንዴ ተናገርኩ፣ ኃጢአቴ ነው፣ ለዚህ ሁሉ ዓመት አላቃጠልከኝም? በቃህ!» ነዚፍ ግራ ገብቶት አየኝ። «ምኑን?» አለ። በጣቴ ኪሶቹን አሳየሁት። ወደ ታች አየና የሰው ኪስ ያየ ይመስል ደነገጠ፤ ቀስ ብሎ መለሳቸው። ራህመት ምስሩን ይዛ ከኋላችን መጥታለች። «ለአንተ መስሎህ ነበር?» አለችኝ። «ወህኒ እያለ በር ባለፉ ቁጥር ኪስ ገልብጡ ይሏቸው ነበር። እጁ ለምዶ ቀረ። ከመስጂድ ሲወጣ ያደርገዋል፣ ከሱቅ ሲወጣ ያደርገዋል፣ ልጄን ስድር የሰርጉ ድንኳን በር ላይ አድርጎታል። እኛ ዝም ነው የምንለው፤ ሲነግሩት ያፍራል።»

ነዚፍ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየኛል። «እንዲያ ነው የመሰለህ? ይሄን ሁሉ ዓመት?» አለ። መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። እጁን ያዝኩት፤ በሲሚንቶ የተበላ እጅ ነው፣ መዳፉ እንደ ቅርፊት። እንባዬ መጣ። «ነዚፍ፣ አውፍ በለኝ» አልኩት።

«የትኛውን?» አለኝ።